በኅዳጉ ላይ

ሌሊት አሥር ሰዓት፣ በጠባሴ ሰማይ
ኮከብ እንደ ጨው ጠጠር ተበትኖ ሲታይ፣
ከብርድ ልብስ ፋብሪካው ከደጃፉ ቆሜ፣
የሰው ሙቀት ጠባቂ፣ ለብርድ ታድሜ፣
ባትሪዬን በብብቴ፣ ጣቴን ባፌ አሙቄ፣
ያባቴን ዳዊት ገለጥሁ፣ ከማኅደሩ አውልቄ።

ሰኞ ስለ ዛፍ ነው፣ ከውኃ ዳር ስላለው፣
በበሬሳ ወንዝ ላይ ቆሜ የማስተያየው።
ማክሰኞ ስለ በደል፤ ያን ቀን ድምፄ ያንሳል፤
ምን እንደበደለ ማን ለሰው ይነግራል?
ረቡዕ ጭቃ ውስጥ ነኝ፣ ውኃው እስከ አንገቴ፤
ሐሙስ ጎጆ ያገኘች ወፍ፣ ሞቅ ይላል ደረቴ።
ዓርብ ዓይኔን ወደ ተራራው፣ ወደ ጣርማ በር ማዶ፤
ተራራው ግን አይታይም፣ ጉም ለብሷል ተጋርዶ።

ዳዊቱ ያባቴ ነው፣ የአጎናፍር፣ የመንዙ፤
ከስንት እጅ ላብ ወርሶ ያብለጨልጫል ወዙ።
በየኅዳጉ ጽፏል በጥላሸት ቀለም፣
ልደት፣ ሞት፣ የበሬ ዋጋ፤ ትርፍ ቃል ግን የለም።

ሸዋንዳኝ ነው ወዳጄ፣ ፊደል ያልቆጠረ፣
ወደ ባቄላው ሲሄድ በደጄ እየዞረ
«ዛሬስ ምን ይላል?» ይለኛል፣ ሳይቀመጥ፣ ቆሞ፤
አንዲት ቃል ይዞ ይሄዳል፣ እንደ ስንቅ ተሸክሞ።

ቅዳሜ ደረሰ። ኅዳር ነው። ሜዳው ነጭ ሆኗል።
ሣሩ ከጫማዬ ሥር እንደ ብርጭቆ ይሰበራል።
እዚያች ስፍራ ስደርስ አንደበቴ ያዘ፦
ውርጭን እንደ አመድ በትኖ ያዘዘ፣
በረዶን እንደ ባዘቶ...
አቋረጥሁ።
ባዘቶስ ከኋላዬ ሞልቷል በመጋዘን ቤቱ፤
ማሳው ግን ውጭ ነው ያደረው፣ እርቃኑን፣ በሌሊቱ።

ሸዋንዳኝ መጣ፤ ግን ወደ እርሻው አልነበረም፤
ከዚያ ነው የተመለሰው። ሰላምታ እንኳ አልሰጠም።
እጁ ላይ አንድ እግር ባቄላ፤ አበባው ጠቁሯል፣
ቅጠሉ እሳት እንደነካው ተጠቅልሎ ከስሏል።
«ነደደ» አለ።
«ሁሉም?»
«ሁሉም።»
ከዚያ ዝም። ከዚያ፦
«ዛሬስ ምን ይላል?»

ልዋሸው ፈለግሁ። የሐሙሷን ወፍ ላወጣ፣
ወይም የሰኞን ዛፍ፤ ቅዳሜ ቀርታ፣ ሳትመጣ።
ገጹን ልገለብጥ ስል ባትሪው ኅዳጉን መታ፤
ያባቴ ጽሕፈት ናት፣ እዚያው ቃል ጎን ተኝታ፦
«ኅዳር ፱። ገብሱ በውርጭ ነደደ።
ደገምሁ።»
ይኸው ነው። ለምን እንደሆነ አልጻፈም፤
አላማረረም፣ ተመስገንም አላለም።

አነበብሁለት። ውርጩንም፣ አመዱንም አልዘለልሁም፤
በፊቱ ማን ይቆማል የሚለውን አላለሰለስሁም።
«ቀጥል» አለኝ።
ቃሉን ይልካል፣ ያቀልጠዋል፤ ነፋሱ ይነፍሳል፤
ውኃውም ይፈስሳል።
ፀሐይዋ ከጣርማ በር ጫፏን ብቅ አደረገች፤
ቆርቆሮው ላይ ያደረችው ውርጭ ጠብ፣ ጠብ አለች።
«አቀለጠው» አለ ሸዋንዳኝ፣ ጠብታውን እያየ፤
«ባቄላዬ ግን አይነሣም።» ዝም አልን። ዝምታው ቆየ።

ሽመናው ስቶ የተጣለ ብርድ ልብስ ነበረኝ፤
ትከሻው ላይ ስደርብለት «ቆይ» ብሎ አዘዘኝ፤
«እኔም ልበል። በል አስጀምረኝ።»
ቃል በቃል፣ እየሰበረም፣ ከኋላ ተከተለኝ፦

አቤቱ፣ ውርጩ ያንተ ነው ይላል፤ አልካድንህም።
ባቄላውም ያንተ ነበር፤ ይህንም አልደበቅንህም።
ቅዝቃዜህ ፊት ማን ይቆማል ብለህ ጠይቀሃል፤
ይኸው ሁለት ሰው ቆመናል፣ ጥርሳችን ይንገጫገጫል፤
በአንድ ብርድ ልብስ ውስጥ፣ ባሮችህ
ወልደ ሰንበትና አጽቀ ማርያም።
ከዚህ ሌላ መልስ የለንም።

ሲሄድ እስክሪብቶ ፈለግሁ፤ ቀለሙ በብርድ ረግቷል፤
ባፌ አሙቄ ሞከርሁት። ካባቴ ጽሕፈት ግርጌ ጥቂት ቦታ ተርፏል፦
«ኅዳር ፲፱። የሸዋንዳኝ ባቄላ ነደደ።
ሁለት ሆነን ደገምን።»